ሊኑክስ ላይ ባትሪያችሁ እንዲቆይ፦ መጀመሪያ ዋቱን እዩ

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተከፈተ ጥቁር ቲንክፓድ። እጅ ቻርጀሩን ይነቅላል።]

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሊኑክስ ከጫንኩ ወዲህ ባትሪዬ አልበረክት አለ የሚል ሰው ብዙ ነው። ይህ ሲገጥመው አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን የትእዛዝ መዓት ተርሚናል ላይ ይገለብጣል። ሦስት አራት ባትሪ ቆጣቢ ፕሮግራም ይደራርባል። ከዚያ ለውጥ ይምጣ አይምጣ በምን ይወቅ? አልለካማ!

እኛ መጀመሪያ እንለካለን። ከዚያ ባትሪውን የሚበላውን ነገር አንድ በአንድ እንይዛለን።

ለምሳሌ የምንወስደው ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480ን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ማሽን ነው፤ ያገለገለ ላፕቶፕ በሚሸጥበት ሁሉ አይጠፋም። ሊኑክስም በደንብ ይሠራበታል። ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ውስጥ የተገጠመ የ24 ዋት ሰዓት ነው። ሌላው ከኋላ የሚወልቅ ሲሆን 24፣ 48 ወይም 72 ዋት ሰዓት የሚይዝ ታገኛላችሁ።

[ምስል፦ ስክሪኑ ላይ ቁጥሮቹ በትልቁ ይጻፋሉ።]

ሂሳቡ ቀላል ነው። ዋት ሰዓት ማለት ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ነው በሉ። ዋት ደግሞ በቧንቧው የሚወርደው ነው። በጠቅላላው 48 ዋት ሰዓት የያዘ ላፕቶፕ 12 ዋት ከበላ 4 ሰዓት ይቆያል። 6 ዋት ከበላ 8 ሰዓት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ከ12 ዋት ላይ 1 ዋት ብትቀንሱ የምታተርፉት ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ከ6 ዋት ላይ ያንኑ 1 ዋት ብትቀንሱ ግን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ታተርፋላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ትልልቁን በላተኛ አስወግዱ። ጥቃቅኑ ዋጋ የሚኖረው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ተርሚናል እንክፈት።

[ምስል፦ ተርሚናል። የዩፓወር ትእዛዝና ውጤቱ።]

ስክሪኑ ላይ የምታዩት ትእዛዝ ዩፓወር ይባላል። ከጎኑ ሰረዝ ዲ ጨምሩበት። ከሚወጣው ጽሑፍ ሁለት መስመር ፈልጉ፦ ኢነርጂ ፉል እና ኢነርጂ ፉል ዲዛይን። ሁለተኛው ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ ይይዝ የነበረው ነው። የመጀመሪያው ዛሬ የሚይዘው ነው። 24 ይዞ የወጣው ባትሪ አሁን 12 ብቻ የሚይዝ ከሆነ ግማሹ ሄዷል። ይህን የሚመልስ ሶፍትዌር የለም። መድኃኒቱ ባትሪውን መቀየር ነው። ቲ480 ላይ የኋላውን መቀየር ደግሞ የሰከንዶች ሥራ ነው። የውስጠኛው ባትሪ ቻርጅ ካለው ማሽኑን ማጥፋት እንኳ አያስፈልግም።

ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ከሆነ አንድ ምክር ልስጣችሁ። ሊኑክስ የተጫነበት ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ኢንስቶል ሳታደርጉ ከፍላሹ ላይ አስነሱትና ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ሁለት ቁጥሮች እዩ። ሻጩ ስለ ባትሪው ምንም ቢል ቁጥሩን እመኑ። ለመደራደርም ይጠቅማችኋል።

ባትሪው ደህና ከሆነ ወደ ፍጆታው እንለፍ።

[ምስል፦ ፓወርቶፕ ተከፍቷል። የላይኛው መስመር በቀለም ተከቧል።]

ይህ ፓወርቶፕ ነው፤ ላፕቶፑ ስንት ዋት እንደሚበላ የሚያሳይ ፕሮግራም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ነው፤ እስከ ዛሬም ለዚህ ሥራ መጀመሪያ የምመርጠው እሱን ነው። ቻርጀሩን ንቀሉ። ከፊቱ ሱዶ፣ ማለትም የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚሰጠውን ቃል፣ ጨምራችሁ አስነሱት። ትንሽ ታገሡት። ከላይ ዲስቻርጅ ሬት የሚል ቁጥር በዋት ይመጣል። እሱን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት።

እንደ ቲ480 ያለ ማሽን ስክሪኑ ደብዘዝ ብሎ፣ ምንም ሳይሠራ ሲቀመጥ ከ4 እስከ 6 ዋት አካባቢ ከበላ ጤነኛ ነው። ዝም ብሎ ተቀምጦ 10 ዋት የሚበላ ከሆነ የሆነ ነገር እየሠራ ነው። ከቁጥሩ በታች ያለውን ዝርዝር እዩት። በሰከንድ ስንት ጊዜ ፕሮሰሰሩን እንደሚቀሰቅሱ እያሳየ ፕሮግራሞቹን ይደረድራቸዋል። ብዙ ጊዜ ከላይ የምታገኙት ብራውዘር ነው፤ ከጀርባ የተረሳ አንድ ታብ። ዝጉትና ቁጥሩ ሲወርድ ተመልከቱ።

ቀጥሎ ስክሪኑ። ቀላል ሥራ ላይ ከፍተኛው በላተኛ ብዙ ጊዜ የስክሪኑ ብርሃን ነው። ብራይትነሱን ከሙሉ ወደ ግማሽ አውርዱና ፓወርቶፕን እንደገና እዩ። ብዙ ፕሮግራም ተጭኖ ከሚገኘው ለውጥ ይበልጣል። ዳርክ ሞድ የሚጠቅመው ግን ስክሪኑ ኦሌድ ከሆነ ነው። የተለመደው ኤልሲዲ ላይ ጥቁር ቀለም ባትሪ አይቆጥብም። መብራቱ ከኋላ እንደበራ ነውና።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደምጨነቅበት ጉዳይ ልምጣ። ቪዲዮ።

[ምስል፦ ግራ በኩል ቪዲዮ ይጫወታል። ቀኝ በኩል ኢንቴል ጂፒዩ ቶፕ ተከፍቷል።]

ቪዲዮ ስትከፍቱ የተጨመቀውን ፋይል የሚፈታ አካል ያስፈልጋል። ጂፒዩው፣ ማለትም የምስሉን ሥራ የሚሠራው ቺፕ፣ ውስጥ ለዚሁ የተሠራ ክፍል አለ። በጣም ትንሽ ነው የሚበላው። ብራውዘሩ እሱን ካልተጠቀመ ሥራው በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ያን ጊዜ ፋኑ መጮህ ይጀምራል፣ ዋቱም ይዘላል። ብዙ ሰው ሊኑክስ ባትሪ ይበላል የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

የቱ እየሆነ እንደሆነ ማየት ትችላላችሁ። ኢንቴል ጂፒዩ ቶፕ የሚባለውን ፕሮግራም አስነሱና ቪዲዮ ክፈቱ። ቪዲዮ የሚለው መስመር ከዜሮ ከፍ ካለ ጂፒዩው እየሠራ ነው። ዜሮ ላይ ከቆመ ፕሮሰሰሩ እየተሰቃየ ነው ማለት ነው። ፋየርፎክስ ሊኑክስ ላይ ለኢንቴል ጂፒዩዎች ይህንን በራሱ ማብራት የጀመረው ከቁጥር 115፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2023 ወዲህ ነው። ፋየርፎክሳችሁ የቆየ ከሆነ አፕዴት አድርጉት። የኢንቴል ሚዲያ ድራይቨር መጫኑንም አረጋግጡ።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ዩቲዩብ ቪዲዮዎቹን በተለያየ ኮዴክ፣ ማለትም የመጨመቂያ ዘዴ፣ ያቀርባል፤ ቪፒ9ና ኤቪ1 ከእነዚህ ናቸው። ቲ480ን የመሰለ ስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል ቪፒ9ን በጂፒዩው መፍታት ይችላል። ኤቪ1ን ግን አይችልም፤ ኢንቴል እሱን የጨመረው ከአሥራ አንደኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። ዩቲዩብ ኤቪ1 ሲልክላችሁ ሥራው ወደ ፕሮሰሰሩ ይመለሳል። የፋየርፎክስ ኮንፊግ ገጽ ውስጥ ገብታችሁ ስክሪኑ ላይ የምታዩትን የኤቪ1 መስመር ፎልስ አድርጉት። ዩቲዩብ ያኔ ቪፒ9 ይልክላችኋል።

[ምስል፦ የኡቡንቱ ሴቲንግ፣ የፓወር ገጽ።]

ስለ ፓወር ሞዶቹ ብዙ አልቆይም። ኡቡንቱ ከ22.04 ጀምሮ ሴቲንግ ውስጥ ፓወር ሴቨር፣ ባላንስድና ፐርፎርማንስ የሚሉ ምርጫዎች አሉት። ለብዙ ሰው ይበቃሉ። የበለጠ መቆጣጠር ከፈለጋችሁ ቲኤልፒ የሚባል ባትሪ ቆጣቢ ፕሮግራም አለ። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። አንድ ላይ ሲሆኑ አንዱ የሠራውን ሌላው ያፈርሰዋል። ፕሮሰሰሩን በግድ ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ መቸንከርም አልመክርም። ሥራውን ቶሎ ጨርሶ ቢተኛ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው።

ላፕቶፓችሁ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ካለውና ጌም የማትጫወቱ ከሆነ ግን ይህን አትለፉት። አንዳንዱ ቲ480 ኤምኤክስ150 ካርድ አለው። ያ ካርድ ሳይተኛ ከቀረ ሥራ ባይኖረውም ዋት ይበላል። ኡቡንቱ ላይ የኤንቪዲያ ድራይቨር ካለ ፕራይም ሴሌክት ኢንቴል በሚለው ትእዛዝ ማጥፋት ይቻላል። ሪስታርት አድርጉና ቁጥሩን እንደገና እዩ።

[ምስል፦ ላፕቶፑ ይከደናል።]

ሌላው ቅሬታ ደግሞ ይኸውላችሁ። ማታ ከድነን አስቀመጥነው፣ ጠዋት ባትሪው ባዶ ነው። ይህ የእንቅልፍ ችግር ነው። ሁለት ዓይነት እንቅልፍ አለ። ዲፕ የሚባለው ከራሙ በስተቀር ሁሉንም ያጠፋል ማለት ይቻላል። ኤስቱ አይድል የሚባለው ቀለል ያለ እንቅልፍ ነው፤ አንድ የነቃ ነገር ካለ ሌሊቱን ሙሉ ሲበላ ያድራል። የእናንተ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ስክሪኑ ላይ ያለውን የሜም ስሊፕ ፋይል አንብቡ። ቅንፍ ውስጥ ያለው አሁን የሚሠራው ነው። ዲፕ በዝርዝሩ ውስጥ ካለና ካልተመረጠ በከርነል ፓራሜትር፣ ማለትም ሊኑክስ ሲነሳ በሚያነበው ቅንብር፣ ዲፎልት ልታደርጉት ትችላላችሁ። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ዲፕ የሚባለውን ጭራሽ ትተውታል። የእናንተ እንደዚያ ከሆነ ለሊት ሃይበርኔት ተጠቀሙ፣ ማለትም የከፈታችሁትን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይጥፋ፤ ወይ ራሳችሁ አጥፉት።

የመጨረሻው የባትሪው የራሱ ዕድሜ ነው።

[ምስል፦ የቲኤልፒ ኮንፊግ ፋይል። 75 እና 80 የሚሉት ቁጥሮች ተከበዋል።]

ሊቲየም ባትሪ ሙቀትና ሁልጊዜ መቶ ፐርሰንት ላይ መቆየት ያስረጀዋል። ቀኑን ሙሉ ቻርጀር ላይ የምትሠሩ ከሆነ ቻርጁ 80 ላይ እንዲቆም አድርጉ። ቲንክፓድ ይህን በደንብ ይደግፋል። ቲኤልፒ ኮንፊግ ውስጥ ቻርጅ መጀመሪያውን 75፣ ማቆሚያውን 80 በሉት። ቲ480 ሁለት ባትሪ ስላለው ለባት0ም ለባት1ም ጻፉ። ግኖም የሚባለው ዴስክቶፕ እትም 48 ላይ ከሆናችሁና ላፕቶፓችሁ የሚደግፈው ከሆነ ያለ ቲኤልፒ ሴቲንግ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ሰፈር የምትኖሩ ግን 80 ላይ መቆሙ ሊያሳስባችሁ ይችላል። ልክ ናችሁ፤ ያቺ ሃያ ፐርሰንት ታስፈልጋለች። ነገ መብራት ይጠፋል ከተባለ ወይም መንገድ ካላችሁ ቻርጀሩን ሰክታችሁ ቲኤልፒ ፉልቻርጅ የሚለውን ትእዛዝ ስጡት። ከጎኑ የባትሪውን ስም ጻፉ። ለዚያ ጊዜ ብቻ እስከ መቶ ይሞላል፤ ሪስታርት ስታደርጉ ወደ 80 ገደቡ ይመለሳል።