የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ዳገቱን ሳይለኩ ትራክተር አይገዛም

በቅዳሜው ዝግጅታችን “ከከተማ ወጣ ብለን መሬት ገዛን፣ ጫካውን ግን አልቻልነውም” የሚሉ ደዋዮች በዝተው ሰዓቱ አልበቃን ብሎ ነበር። አብዛኞቹ የደወሉት ከቨርጂኒያ፣ ከሜሪላንድና ከዌስት ቨርጂኒያ ነው። በእርሻ መሣሪያ ጥገና ለረጅም ዓመታት የሠሩት እንግዳችን የሰጡትን መልስ፣ በስልክ መቆራረጥ ያመለጠውን ጨምረን እነሆ።

ከፍሮንት ሮያል አካባቢ የደወሉ አድማጭ፦ 12 ኤከር ገዝተናል። አሥር ዓመት ያህል ማንም አልነካውም። ከፊሉ ሜዳ፣ ከፊሉ ዳገት ነው፤ እሾሁ ከሰው ቁመት በልጧል። ስንት ፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር ልግዛ?

እንኳን ደስ አለዎት። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ፈረስ ጉልበት ነው። እኔ ደግሞ “ዳገቱ ስንት ዲግሪ ነው?” ብዬ እመልሳለሁ። እስካሁን ቁጥር የነገረኝ ሰው ጥቂት ነው፤ መልሱ ሁልጊዜ “ኧረ ብዙም አይደል” ነው። ትራክተር መሸጫው ውስጥ ቆመው ሲያስቡት ዳገት ሁሉ ሜዳ ይመስላል።

ስለዚህ ይለኩት። 1 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ጣውላና ግንበኛ የሚይዘውን ውሃ ልክ ይውሰዱ። የጣውላውን አንድ ጫፍ መሬት ያስነኩ፣ ሌላውን ጫፍ ወደ ቁልቁለቱ አዙረው የውሃ ልኩ አረፋ መሐል እስኪቆም ያስተካክሉት። አየር ላይ ከቆመው ጫፍ እስከ መሬት ያለውን ይለኩ። 27 ሳንቲሜትር ከመጣ 15 ዲግሪ ላይ ነዎት። ተቀምጠው የሚነዱ ማጨጃዎችን የሚሠሩ ፋብሪካዎች በመመሪያቸው ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሰምሩት ወሰን ይኸው 15 ዲግሪ ነው። 36 ሳንቲሜትር ከሆነ 20 ዲግሪ ገብተዋል፤ እኔ እዚያ ላይ ተራ ትራክተር ይዤ አልወጣም። አሥር ቦታ ይለኩ፣ ከ15 በላይ የሆነውን በቀይ ሪባን ይከልሉ። ካርታዎ እሱ ነው።

ከዚያ ወደ ትራክተሩ እንምጣ። ሰብ ኮምፓክት የሚባሉት ትንንሾቹ 700 ኪሎ ገደማ ናቸው። ለሣር ጎበዞች ናቸው፤ ሆዳቸው ግን ለመሬት ቅርብ ስለሆነ እንደ እርስዎ ባለ ቦታ ጉቶ ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ከእነሱ አንድ ደረጃ ከፍ የሚለው፣ 1,200 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝነው ይሻላል። ዳገት ላይ መሬት ቆንጥጦ የሚይዘው ክብደት ነው።

ጉልበቱንም ሲጠይቁ የሞተሩን ሳይሆን የፒቲኦውን ይጠይቁ፤ ከትራክተሩ ኋላ የሚታሰረውን ማጨጃ በሻፍት የሚያዞረው እሱ ነው። ለምሳሌ ኩቦታ ኤል 2501 ሞተሩ 24.8 ፈረስ ጉልበት ነው፤ ባለ ሃይድሮስታቲኩ (ማርሽ ሳይቀያየር በፔዳል የሚነዳው) ግን ፒቲኦው ላይ የሚደርሰው 19 ነው። ለእያንዳንዱ የማጨጃ ጫማ ስፋት 5 ፈረስ ጉልበት ብለው ቢያስቡ፣ 5 ጫማ ማጨጃ 25 ይፈልጋል ማለት ነው። “ታዲያ ለምን 24.8?” ካሉ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2013 ጀምሮ ከ25 ፈረስ ጉልበት በላይ ባሉ የናፍጣ ሞተሮች ላይ የጭስ ደንቡ ስለጠበቀ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ብዙዎቹ የጥቀርሻ ማጣሪያ ይዘው ይመጣሉ፤ ማጣሪያው በየጊዜው ግሎ ራሱን ማቃጠል አለበት። አስነስተው ቶሎ ቶሎ የሚያጠፉት ከሆነ ይደፈናል። የእርስዎ ሥራ ግን ረጅም ሰዓት የሚሠራ ስለሆነ ማጣሪያውን አልፈራውም፤ የሞተሩ ጉልበት ከ33 እስከ 35 ባለው ውስጥ ይፈልጉ። ጎማውን ባለ ጥልቅ ጥርሱን፣ የእርሻውን ይውሰዱ። የኋላ ጎማዎቹንም ፈሳሽ ያስሞሉልኝ ይበሉ፤ ክብደቱ ታች ይቀመጥልዎታል። ቸርኬዎቹን ገልብጦ የጎማውን ርቀት ማስፋት የሚቻልበት ሞዴል ከሆነ እንዲሁ ያስደርጉት።

ከፍሬድሪክ፣ ሜሪላንድ የደወሉ እህት፦ ባለቤቴ ቡሽ ሆግ እንግዛ ይላል፣ ሻጩ ደግሞ ፍሌል ነው የሚሻለው አለን። ማን ልክ ነው?

በትዳር መሐል አልገባም እንጂ፣ ለዘንድሮ ባለቤትሽ ልክ ነው።

ቡሽ ሆግ የአንድ የአላባማ ፋብሪካ ስም ነበር፤ አሁን ሰው ሁሉ ለዚህ ዓይነት ማጨጃ መጠሪያ አድርጎታል። ከላሜራው ሥር እንደ ሄሊኮፕተር ክንፍ የሚዞሩ ሁለት ወፍራም ስለቶች አሉ። ስለቶቹ የታሠሩት ጎድጎድ ያለ ሰሃን በሚመስል ብረት ላይ ነው፤ ጉቶ ሲያጋጥም ሰሃኑ ላዩ ላይ ይንሸራተታል፣ ስለቱም ወደ ኋላ ይታጠፋል። እንደ ጣት የወፈረ እሾህ ጠግቦ ይበላል። ፍሌል ደግሞ ጎን ለጎን የሚንከባለል በርሜል ነው፣ ዙሪያውን በርካታ ትንንሽ ስለቶች ተሰክተውበታል። እንጨቱን ሳይቀር አድቅቆ ይተዋል፣ ድንጋይም እምብዛም አይወረውርም። ለትራክተሩ ተጠግቶ ስለሚቀመጥ ዳገት ላይ ኋላ አይጎትትም። ጉልበት ግን ይፈልጋል፣ የእነዚያ ሁሉ ስለቶች ጥገናም አለ።

ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ያገለገለ ቡሽ ሆግ፣ ቦታው መልክ ሲይዝ ፍሌል። ሦስተኛውን፣ ፊኒሽ ማጨጃ የሚሉትን፣ ለግቢ ሣር ካልሆነ አታስቢው።

ያገለገለ ስትገዙ ሰንሰለቶቹን እዩ። ከፊትና ከኋላ እንደ መጋረጃ የሚንጠለጠል የሰንሰለት ረድፍ አለ፤ ብዙ ሻጭ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ አይተካውም። ይህ ማሽን ድንጋይ 100 ሜትር ሊወረውር ይችላል፣ ልጆች በረንዳ ላይ ቢሆኑም። ሻፍቱ ላይ ያለችውን የምትሰበር ብሎንም አደራ። ጉቶ ሲመታ ካምቢዮው እንዳይሰበር እሷ ቀድማ ትቆረጣለች። አንድ ደንበኛዬ እየተቆረጠች አስቸገረችኝ ብሎ ጠንካራ ብሎን አስገባባት። ብሎኗ ተረፈች፣ የማጨጃው ካምቢዮ ለሁለት ተሰነጠቀ።

ከሃርፐርስ ፌሪ በኩል የደወለ ወጣት፦ ዳገት ላይ አግድም ነው የሚታጨደው ወይስ ወደ ላይና ወደ ታች?

በእጅ የምትገፋው ማሽን ከሆነ አግድም፣ እግርህ ቢያዳልጥ ማሽኑ ላይ እንዳትወድቅ። በትራክተር ከሆነ ወደ ላይና ወደ ታች። አግድም ስትሄድ የላይኛው ጎማ ድንጋይ ላይ ወጥቶ የታችኛው የከርከሮ... ይቅርታ፣ እዚህ አገር ግራውንድሆግ የሚባለው መሬት ቆፋሪ አውሬ ነው፣ የእሱ ጉድጓድ ውስጥ ቢገባ የ12 ዲግሪው ዳገት በአንድ ጊዜ 20 ይሆናል።

አሁን የምነግርህን ብዙ ባለቤቶች አያውቁትም። በብዙዎቹ ትንንሽ ትራክተሮች ፍሬን ያለው የኋላ ጎማ ላይ ብቻ ነው። ቁልቁለት ስትወርድ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላው ይቀልልና ጎማው ይንሸራተታል፤ ፍሬኑን ብትረግጠውም ተቆልፎ ሸርተት ይላል። ባለ አራት ጎማውን ማርሽ ካስገባህ ግን የፊቶቹ ከኋላዎቹ ጋር ስለሚተሳሰሩ እነሱም ይይዙልሃል። ዳገት ላይ አራቱን ጎማ ማስገባት ለመውጣት ብቻ አይደለም፣ ለመውረድም ነው። ዝቅተኛውን ማርሽ ጫፉ ላይ ሳለህ አስገባ፤ መሐል ላይ ማርሽ እቀይራለሁ ስትል ዜሮ ላይ ከቀረህ ትራክተሩ ያንተ መሆኑ ያበቃል። የፊት ባልዲውን ወይ አውርደህ ቤት ተወው፣ ወይ መሬት ልሶ እንዲሄድ ዝቅ አድርገው።

ሳትጀምር በእግርህ ዙር። ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ፣ በኅዳር ገደማ ብትሄድ የተደበቀው ሽቦና ጉቶ ይታይሃል፤ መሬት ውስጥ የሚኖሩት ተናዳፊ ተርቦችም ያን ጊዜ የሉም።

ከዉድብሪጅ የደወሉ አባት፦ ጎረቤቴ 1950 የተሠራ ፎርድ 8ኤን በርካሽ ሸጠልኝ። ሞተሩ እንደ ሰዓት ነው። ለዳገቴ ይሆነኛል?

ጋሼ፣ ማሽኑን እወደዋለሁ። ፎርድ ከ1947 እስከ 1952 ነው የሠራው፣ ዛሬም መለዋወጫ አለው። ለዳገትዎ ግን አይሆንም፤ ምክንያቱን ልንገርዎት።

የዚህ ትራክተር ፒቲኦ የሚዞረው በካምቢዮው በኩል ነው፣ ፍሪሲዮኑም አንድ ነው። ፍሪሲዮን ሲረግጡ ሞተሩ ይለቃል፤ ማጨጃው ግን ያ ሁሉ ከባድ ስለት እየተሽከረከረ ነው፣ በደቂቃ 540 ዙር በሚዞረው ሻፍት በኩል ተመልሶ ጎማዎቹን ይነዳል። እርስዎ ቆምኩ ሲሉ ትራክተሩ ይገፋዎታል። ሜዳ ላይ አጥር ያስጥሳል፣ ቁልቁለት ላይ ግን ሌላ ነው። መፍትሔው ኦቨርራን ካፕለር የምትባል ትንሽ ዕቃ ናት። ብስክሌት ላይ ፔዳሉን ሲያቆሙ የኋላ ጎማው ብቻውን እንደሚዞረው፣ ስለቱ ብቻውን ዞሮ እንዲቆም ታደርጋለች። ለሜዳው ክፍል እሷን ሳያስገቡ እንዳይነኩት።

ሁለተኛው፣ ጀርባ ላይ የሚቆመው የመገልበጥ መከላከያ ብረት የለውም። የፌዴራሉ የሥራ ደህንነት ደንብ ቀጣሪዎችን በዚህ ማስገደድ የጀመረው ከኦክቶበር 25 ቀን 1976 በኋላ በተሠሩ ትራክተሮች ላይ ነው። ትራክተር ወደ ኋላ ሲገለበጥ አንድ ተኩል ሰከንድ አይሞላም፤ እዘላለሁ የሚል ሰው አይደርስም። ለብዙ አሮጌ ሞዴሎች ተፈትኖ የወጣ ተገጣሚ ብረት ይሸጣል፣ ከቀበቶው ጋር። ብየዳ ቤት ወስደው በቧንቧ እንዳያሠሩት፣ በፈጠረዎት።

ከሸናንዶዋ ሸለቆ የደወሉ እህት፦ ከ20 ዲግሪ በላይ የሆነውን ምን ላድርገው? እናቴ ፍየል ግዢ ትለኛለች።

እማማ ከእኔ የተሻለ መካኒክ ናቸው። በእርግጥ ማሽን አለ፤ ቬንትራክ የሚባለው ድርብ ጎማ ሲገጠምለት እስከ 30 ዲግሪ እንዲሠራ የተፈቀደለት ነው፣ በሪሞት የሚታዘዙም አሉ፣ ዋጋቸው ግን ለአንድ ቤተሰብ አይሆንም። ለአንድ ጊዜ ጠረጋ ባለሙያ ከነማሽኑ መቅጠር ይቀላል። ከዚያ በኋላ እያቆጠቆጠ የሚመጣውን ፍየል ይችለዋል። እዚያ ሸለቆ የወረረው መልቲፍሎራ ሮዝ የሚባለው እሾህ በ1930ዎቹ መንግሥት ራሱ አፈር እንዲይዝ ብሎ ያስተከለው ነው፤ ፍየል ደግሞ እሾሁን ከነቅጠሉ ትበላዋለች። ቆዳ የሚያሳክከውን ፖይዝን አይቪ የሚባል ሐረግም ትበላለች፣ እሱን በእሳት እንዳትሞክሪው፣ ጭሱ ሳንባ ያቃጥላል።

አጥሩን ግን ከፍየሉ በፊት ሥሪ። ደግሞ በግቢሽ የዱር ቼሪ ዛፍ ካለ፣ ቅርንጫፍ በነፋስ በወደቀ ማግስት ቀድመሽ አንሺው። የቼሪ ቅጠል ሲጠወልግ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ያወጣል፣ ፍየል ደግሞ የጠወለገውን አትለይም።