ሮተርዳምን ለምን እንደወደድኳት

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሥነ ሕንፃና የከተማ ፕላን ተማሪዎች፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ «ካየሻቸው ከተሞች ውስጥ ልብሽ ስለቀረባት ስለ አንዷ ንገሪን» ሲሉኝ፣ ብዙዎቻችሁ ሮምን ወይም ፓሪስን ወይም ኢየሩሳሌምን እንደምጠራ ሳትገምቱ አልቀራችሁም። እኔ የማወራላችሁ ስለ ሮተርዳም ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ያለችው፣ ወደቧ እንጂ እሷ የማትወራው፣ አገር ጎብኚው ባቡር ቀይሮባት ወደ አምስተርዳም የሚያልፈው ሮተርዳም።

የሄድኩት ከተማ ፍለጋ አልነበረም። አብሮ አደጌን ፍለጋ ነው። አንድ ግቢ አድገን፣ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ተምረን፣ እሷ ለትምህርት ወጥታ ነርስ ሆና እዚያው ቀረች፤ እኔ ታሪክ አስተማሪ ሆኜ እዚሁ አለሁ። ስንት ዓመት በስልክ ብቻ ስንናፈቅ ኖረን በመጨረሻ ቪዛው ተሳካ። ሐሳቤ እሷ ቤት እያደርኩ ቀን ቀን አምስተርዳምን ለማየት ነበር፤ ባቡሩ አርባ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ገና ሻንጣዬን ሳልከፍት «አምስተርዳም የትም አትሄድብሽም፤ መጀመሪያ የኔን ከተማ ላሳይሽ» አለችኝ። የኔ ከተማ! ይህቺ ሴት ስታለቅስ ከቦሌ የሸኘኋት ናት። በስደት ያለ ሰው አፉን ሞልቶ እንዲህ የሚላት ከተማ ምን ብትሆን ነው ብዬ ተከተልኳት።

መጀመሪያ የወሰደችኝ ወደ ሙዚየም አይደለም፤ ወደ አንድ የእግረኛ መንገድ ነው። ዊተ ዴ ዊት የሚባል የካፌና የሥዕል ማሳያ ሰፈር አለ፤ የእሱን ጫፍ አልፈን እንደወጣን «እግርሽ ሥር ተመልከቺ» አለችኝ። የእግረኛው መንገድ ላይ ከንጣፉ እኩል ሆኖ የተቀበረ፣ ማታ ማታ የሚያበራ ክብ ምልክት ነበር። ትንሽ ሄድ ሲሉ ሌላ አለ፤ ከዚያም ሌላ። ከምልክቱ በዚህ ወገን የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የጡብ ቤቶች፣ ጠባብ መስኮቶቻቸውና ሹል ጣሪያቸው እንዳለ፤ ከምልክቱ ማዶ መስታወትና ኮንክሪት ብቻ። እዚህ ላይ ነው እሳቱ የቆመው።

ግንቦት 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ግንቦት 14 ቀን 1940። ያን ጊዜ አዲስ አበባ በፋሺስት ጣሊያን እጅ ከወደቀች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የከተማዋን እጅ መስጠት የሚመለከተው ድርድር ገና ሳያልቅ፣ የናዚ ጀርመን አውሮፕላኖች ሮተርዳም መሐል ላይ ቦምባቸውን አራገፉ። ድብደባው የፈጀው ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ በኋላ የተነሣው እሳት ግን የተረፈውን ሁሉ በላ። ወደ 850 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ 80,000 ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ፤ ወደ 25,000 የሚጠጋ መኖሪያ ቤት ጠፋ። በማግስቱ፣ ቀጣዩ ተረኛ ዩትሬክት እንደሆነ ዛቻ ስለተሰማ፣ አገሪቱ እጇን ሰጠች። የመካከለኛው ዘመን ከተማ በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ።

ታሪክ ሳስተምር ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስንት ጊዜ ተናግሬአለሁ። እዚያ መንገድ ላይ ቆሜ ግን አንድ እግሬን ከምልክቱ ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ብስክሌተኛው፣ ልጅ የምትገፋው እናት፣ ትምህርት ቤት የሚሄደው ተማሪ በየቀኑ ይህንን መሥመር ይሻገራል። የከተማዋ ሰዎች የቃጠሎውን ድንበር ሙሉ በሙሉ ለክተው፣ በመንገዳቸው ላይ ዙሪያውን ጽፈውታል። ለመታሰቢያ ቀን ብቻ የሚከፈት በር የለውም። ቲኬትም የለውም።

ከዚያ ወደ አንድ አደባባይ ወሰደችኝ፤ ስሙ «1940» ነው። ኦሲፕ ዛድኪን የሚባለው ቀራጺ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1953 የተመረቀ የነሐስ ሐውልት ቆሞበታል። ሁለት እጁን ወደ ሰማይ የዘረጋ ሰው ነው፤ ደረቱ ላይ፣ ልብ በሚኖርበት ቦታ፣ ቀዳዳ አለው። በቀዳዳው ማዶውን ታዩበታላችሁ። ቀራጺው ከጦርነቱ በኋላ በባቡር ሲያልፍ ያየው ባዶ ሜዳ ነው ይህን ያሠራው። ስለ ሐውልቱ ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ሄዳችሁ ፊት ለፊቱ ብትቆሙ ይሻላል።

እንግዲህ ለእናንተ ለተማሪዎቹ ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከድብደባው አራት ቀን በኋላ፣ ጭሱ ሳይጠፋ፣ የከተማዋ መሐንዲስ ዊተቬን አዲስ ፕላን እንዲያወጣ ታዘዘ። ፍርስራሹ ቦዮችን መሙያ ሆነ፤ ዛሬ ሰፊ ጎዳና የሆነው ብላክ ድሮ ውሃ ነበር። ዋርሶ የድሮውን ከተማዋን በፎቶና በሥዕል እያመሳከረች እንደነበረ መልሳ ሠርታለች፤ ሮተርዳም ግን የነበረውን አስመስላ ላለመሥራት ወሰነች። እ.ኤ.አ. በ1946 የጸደቀው፣ ዊተቬንን የተካው የፋን ትራ ፕላን የድሮዎቹን ጠባብ መንገዶች ትቶ ሰፋፊ ጎዳናዎችን አመጣ። በ1953 ላይንባን የሚባለው፣ መኪና የማይገባበት የገበያ መንገድ ተከፈተ፤ ከመላው አውሮፓ ባለሙያ እየመጣ አየው።

ሁሉም ነገር አማረ ማለት አይደለም። መሐል ከተማው ለሥራና ለገበያ እንጂ ለመኖሪያ ስላልታሰበበት፣ ሱቅ ሲዘጋ ሰው ይጠፋ ነበር፤ በሰፊዎቹ ጎዳናዎች ላይ የሚነፍሰው ከነፋስ በቀር ምንም አልነበረም ይላሉ ያዩት። ግን ያንን ያዩ ተከታዮቹ የፊተኞቹን ሥራ አላፈረሱም፤ የጎደለውን ጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ1984 አርክቴክቱ ፒት ብሎም ጥጋቸው ወደ ላይና ወደ ታች የዞረ፣ እንደ ዛፍ በግንድ ላይ የቆሙትን ኩብ ቤቶች ሠርቶ ሰው መሐል ከተማ እንዲያድር አደረገ። በ2014 የተከፈተው የገበያ አዳራሽ ደግሞ ቅስቱ ራሱ መኖሪያ ነው፤ ሥሩ አሳና አትክልት ይሸጣል፣ ላዩ ላይ ከ200 በላይ ቤተሰብ የሚኖርባቸው አፓርታማዎች አሉ። ከእሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ከቃጠሎው ግድግዳና ግንብ ብቻ የተረፈው የቅዱስ ሎሬንስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ይፍረስ አይፍረስ ተብሎ ብዙ ተከራክረውበት፣ በመጨረሻ በ1968 እድሳቱ ተጠናቀቀ። ኩብ ቤቶቹ፣ የገበያ አዳራሹና ቤተ ክርስቲያኑ በአንድ ቦታ ቆማችሁ ዙሪያችሁን ብትመለከቱ የሚታዩ ናቸው። አይመሳሰሉም። ለመመሳሰልም አልሞከሩም።

ቆንጆ ከተማ ናት ወይ ብትሉኝ፣ አምስተርዳም በቦዮቿ ዳር ቆንጆ በሆነችበት መንገድ አይደለችም። የእኔ ፍቅር የመጣው ሌላ ቦታ ነው፤ ከማስ ወንዝ በታች።

ጓደኛዬ የምትኖረው ከወንዙ በስተደቡብ ነው። ወደ ሥራዋ በብስክሌት ስትሄድ በማስ ዋሻ ነው የምታልፈው፤ አንድ ጠዋት አብሬያት ሄድኩ። ዋሻው እ.ኤ.አ. በ1942፣ ከተማዋ ገና በጀርመን ወታደሮች እጅ ሳለች፣ ያለምንም ሥነ ሥርዓት የተከፈተ ነው። ለመኪና ብቻ አይደለም። ብስክሌተኛና እግረኛ የየራሳቸው መተላለፊያ አላቸው፤ ብስክሌቱ ከላይ፣ እግረኛው ከሥሩ። የሚወርዱበት ተንቀሳቃሽ ደረጃ የእንጨት ነው። እንጨቱ እየተንቋቋ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ሰዉ ብስክሌቱን አጠገቡ ይዞ፣ ፍሬኑን ጨብጦ፣ አንዱ ካንዱ ጀርባ ይቆማል። ከፊታችን የሥራ ቱታ የለበሰ ሰው ነበር፤ ከኋላችን ቦርሳዋ ትልቅ የሆነ ልጅ። ግድግዳው በሸክላ ንጣፍ የተሸፈነ ነው፤ ታች ስንደርስ ሁሉም ተፈናጥጦ ሄደ። ከላያችን መርከብ የሚያልፍበት ወንዝ አለ። በጦርነት መሐል ላለ የወደብ ሠራተኛ ይህን ያህል የታሰበለት ነገር ሳይ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንባዬ መጣ። ኤራስሙስ ድልድይ በ1996 እስኪሠራ ድረስ ስንት ሺህ ሰው ቁርሱን ይዞ በዚያ ደረጃ እንደወረደ አስቡት።

በሆላንድ ስትዞሩ የምትሰሙት አባባል አለ፤ ገንዘቡ ሮተርዳም ይገኛል፣ ሄግ ይከፋፈላል፣ አምስተርዳም ይጠፋል ይላሉ። የሮተርዳም ሰው ይህን የሚለው ሥራውን ስለሚያከብር ነው። ሥራው ደግሞ ከየአገሩ ሰው አምጥቷል። ካተንድሬክት የሚባለው የመርከበኞች ሰፈር ከመቶ ዓመት በፊት ቻይናውያን የሰፈሩበት ነበር፤ የኬፕ ቬርዴ ሰዎች በመርከብ ሥራ መጥተው ቀሩ፤ የሱሪናም፣ የቱርክ፣ የሞሮኮ ሰዎች ተከተሉ። ሞሮኮ የተወለደው አህመድ አቡታሌብ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2024 የከተማዋ ከንቲባ ነበር። በእነ ጓደኛዬ ሰፈር አቅራቢያ ረቡዕና ቅዳሜ የሚቆም ገበያ አለ፤ በርበሬ መሳይ ነገር ሳሸት «የምን አገር ነሽ?» ያሉኝ ሻጭ ቁልቁል አይተውኝ አልነበረም። ጨዋታ ፈልገው ነው።

በአንጻሩ ደግሞ ብዙ አውሮፓውያን ወደ አሜሪካ የተሰደዱት ከዚህ ወደብ ነው። የሚያጓጉዛቸው የመርከብ ድርጅት የነበረበት ቤት ዛሬ ሆቴል ኒውዮርክ ይባላል፤ ዙሪያውን ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ከቦት እሱ አንድ የድሮ ቤት ሆኖ ወንዙ ዳር ቆሟል። እኔና እሷ እዚያ ሻይ ጠጣን። መውጣትና መምጣት እኩል የታዩበት ቦታ ላይ ተቀምጣ «እዚህ ነው እንግድነቴ የቀለለኝ» አለችኝ። ለምን እንደዚያ እንዳለች ሳትነግረኝ ገባኝ።

አሁን ደግሞ ኩራታችን ወደሆነው ነገር ልምጣ። ኩልሲንገል የሚባለው ዋና ጎዳና ላይ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ፣ «እዚህ ነው የገባው» አለችኝ። ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. በላይነህ ዲንሳሞ የሮተርዳምን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ጨረሰ፤ የዓለም ክብረ ወሰን። ካርሎስ ሎፔዝ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ማለትም ከሦስት ዓመት በፊት፣ እዚያው ሮተርዳም ካስመዘገበው 2:07:12 በ22 ሴኮንድ የተሻለ። ሁለተኛ የወጣው ጎረቤታችን የጅቡቲው አህመድ ሳላህ ነው። በዚያው ዓመት አገራችን የሶል ኦሊምፒክን ስላቋረጠች፣ የዓለም ፈጣኑ ማራቶን ሯጭ ኦሊምፒክ አልሄደም። ክብረ ወሰኑ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ማንም ሳይደፍረው ቆየ። በላይነህ በዚያች ከተማ አራት ጊዜ አሸንፏል።

ጓደኛዬ የነገረችኝን ልንገራችሁ። ሥራ በጀመረች ሰሞን፣ ቋንቋው ገና ሳይፈታላት፣ አንድ አዛውንት ሕሙም ከየት እንደመጣች ጠየቋት። ኢትዮጵያ ስትላቸው፣ በአልጋቸው ላይ ቀና ብለው «ዲንሳሞ!» አሉ። መንገድ ዳር ቆመው አይተውት ኖሯል። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱ አጠረልኝ ነው የምትለው። እኛ እዚህ የበላይነህን ስም ለልጆቻችን ምን ያህል እንደምንነግር አላውቅም። በእኔ ክፍል ግን ከዚያ ወዲህ እነግራለሁ።

ለሙያችሁ ስለሚቀርብ አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኛው የሮተርዳም ምድር ከባሕር ወለል በታች ነው፤ ዝናብ ሲበረታ ውሃው የሚሄድበት ይቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2013 ቤንተምፕላይን የሚባል አደባባይ ሠሩ፤ ደረቅ ሲሆን ልጆች ቅርጫት ኳስ ይጫወቱበታል፣ ዝናብ ሲመጣ 1.7 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ይይዛል። ቦዩን ቀብሮ ከመሸሸግ ይልቅ ውሃውን ለልጆች መጫወቻ አድርገው አሳዩት። ይህን ፎቶ አንስቼ ለተማሪዎቼ አሳይቻለሁ፤ ለእናንተም እሰጣችኋለሁ።

በመጨረሻ የመጣሁበትን ጉዳይ ልናገር። ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ካዛንቺስ፣ ሠንጋ ተራ፣ አሜሪካን ግቢ። በእነዚህ በፈረሱ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ከእናንተ ውስጥ የተወለደ አለ። መፍረስ ነበረባቸው አልነበረባቸውም የሚለው ክርክር የራሱ መድረክ አለው። የሮተርዳምን ያፈረሰው የጠላት ቦምብ ነው፤ የእኛ እንደዚያ አይደለም፤ ይህንን ልዩነት አልዘነጋሁም። እኔ የምጠይቀው መሥመሩን ነው። ሰፈሩ ከየት ጀምሮ የት ያበቃ ነበር? የዕድሩ ድንኳን የሚተከለው የት ላይ ነበር? ዳቦ ቤቱስ? አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ፣ ከንጣፉ እኩል፣ ስሙ የተጻፈበት አንድ ክብ ድንጋይ ለመቅበር ምን ይፈጃል?

ይህን መሥመር በልባቸው የያዙ ሰዎች ዛሬ በየኮንዶሚኒየሙ አሉ፤ ብዙዎቹ ሸምግለዋል። የመመረቂያ ሥራችሁን ለመምረጥ ለተቃረባችሁ ተማሪዎች አንድ አንድ ሰፈር እንድትወስዱ፣ አዛውንቶቹን ይዛችሁ እንድትዞሩ፣ ድንበሩን በካርታ ላይ እንድታሠፍሩ እለምናችኋለሁ። ካርታው ከተገኘ ድንጋዩን ለማስቀበር ደጅ የምንጠና ሰዎች አንጠፋም። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማሪዎቼ ጋር አብሬያችሁ ለመዞር ዝግጁ ነኝ፤ ስብሰባው ሲያበቃ በር ላይ ስለምቆም፣ የመጀመሪያው ሰፈር የቱ እንደሚሆን ዛሬውኑ እንነጋገር።

አመሰግናለሁ።