ቅልቅል ለቅልቅል

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የማባዛት ሒሳብ ነው። እንጀራዬ ሒሳብ ሠራተኛነት ነው። ይህንን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር ምን ያህል እንዳሳፈረኝ እንዲገባችሁ ነው።

የታናሽ እህቴ ቅልቅል በቤታችን ግቢ ሊደረግ ተቆረጠ። ጠጁን አክስታችን እቴቴ ሊጥሉ ተስማሙ። ሙሽራዋ ግን እንግዳው ከበር ሲገባ የሚቀበለው ኮክቴል አማራት። የሚያዘጋጅ ባለሙያ ዋጋ ሲነግረን ቤቱ ዝም አለ፤ እኔም ሳላስበው «እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ።

የመረጥኩት ጂን፣ ሎሚና ማር ብቻ የሚገባበትን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1920ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ መጠጥ ሲሆን፣ የእንግሊዝኛ ስሙ «የንብ ጉልበት» እንደ ማለት ነው። ማሩ ብቻውን ከገባ በበረዶው ላይ ይረጋል፤ ስለዚህ በእኩል መጠን ውሃ ይበጠበጣል። እኛ ብርዝ የምንለው ነው፤ ወፈር ያለ ብርዝ።

የአንድ ብርጭቆው ልክ 50 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 25 የሎሚ ጭማቂ፣ 25 ብርዝ ነው። ድምሩ 100። ምን የመሰለ ክብ ቁጥር! የተጠራው ሰው 150 ነው። አልኮል የማይቀምሱ ዘመዶችንና ጓደኞችን፣ ልጆችንም ቀንሼ ለ100 ብርጭቆ ልሠራ ወሰንኩ። ጂን 5 ሊትር፣ ማለትም 750 ሚሊ ሊትር በሚይዘው ጠርሙስ ሰባት። ሎሚ 2 ሊትር ተኩል። የእኛ ሎሚ ትንሽ ስለሆነ አሥር ፍሬ ጨምቄ ለካሁ፤ 180 ሚሊ ሊትር ወጣው። በዚህ ሲሰላ ወደ 140 ፍሬ ነው፤ ደረቁም አይጠፋምና 160 ገዛሁ። ብርዝ 2 ሊትር ተኩል። ሠንጠረዡን በኮምፒውተር አሰናድቼ፣ አትሜ፣ የማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት። መለጠፉ እንኳ ባይኖር ይሻል ነበር።

ከድግሱ አራት ቀን ሲቀረው የአሥር ብርጭቆ ሙከራ ሠራሁ። ቀላቅዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳደርኩት። በማግስቱ ወንድሜ አንድ ጊዜ ጎንጨት አለና ፊቱ ተጨማደደ። ጉሮሮውን ጠርጎ «ይሄ ለቁስል ነው ወይስ ለመጠጥ?» አለኝ።

ከመጽሐፍ ላይ የሌለ አራተኛ ነገር እንዳለ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ በረዶ። አንድ ብርጭቆ ብቻ ሲሠራ መጠጡ ከበረዶ ጋር ይነቀነቃል፤ በረዶው ሲያቀዘቅዘው ደግሞ እየቀለጠ ያቀጥነዋል። ለማረጋገጥ 100 ሚሊ ሊትር ከበረዶ ጋር በክዳን ማሰሮ አድርጌ ክንዴ እስኪዝል ነቀነቅኩና አጥልዬ ለካሁት። 130 ሆኖ ወጣ። በየብርጭቆው 30 ሚሊ ሊትር ውሃ ማንም ሳይጽፈው ይገባ ኖሯል። እኔ አስቀድሜ በጅምላ ቀላቅዬ በማቀዝቀዣ ሳስቀምጠው ያ ውሃ ከየትም አይመጣም። ስለዚህ ለመቶው ብርጭቆ 3 ሊትር ንጹሕ ውሃ ራሴ መጨመር ነበረብኝ።

ውሃው ሲገባ ማቃጠሉን ተወ፤ መኮምጠጡን ግን አልተወም። ሎሚውን ጠረጠርኩ፣ ጂኑንም ጠረጠርኩ። ራሴን የጠረጠርኩት መጨረሻ ላይ ነው።

እቴቴ ጠጁን ሊያዩ መጥተው ጠረጴዛው ላይ ሚዛን ሲያዩ ሳቁ።

«ማሩን በምን ሰፈርሽው ልጄ?»

«በሚዛን፤ 125 ግራም።»

«ውሃውንስ?»

«በሚሊ ሊትር።»

«ታዲያ እንዴት ይገናኙልሻል?»

እሳቸው ጠጅ ሲጥሉ በአንዲት አሮጌ የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። አንድ ጣሳ ማር፣ ሦስት ጣሳ ውሃ። ማሩም ውሃውም በዚያችው ጣሳ ስለሚሰፈር የሚያሳስታቸው ነገር የለም። እኔ ግን ማር ከውሃ እንደሚከብድ ረስቼዋለሁ። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ 125 ግራሙ 90 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም።

ከዚህ የባሰውን ልናዘዝ። ብርዙን በበጠበጥኩ ዕለት 250 ሚሊ ሊትር መሆን ሲገባው ጎድሎ አይቼዋለሁ። ያንጠባጠብኩት መስሎኝ መስመሩ ላይ እስኪደርስ ውሃ ጨመርኩበት። መሥሪያ ቤት አንድ ሰው የጎደለ ሒሳብ እንዲህ አድርጎ ቢያስገጥም ምን ብዬ እንደምጽፍበት እኔ አውቃለሁ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

ለሙሉው ድግስ 1.25 ኪሎ ማር ገዝቼ ነበር፤ የሚያስፈልገው ግን 1.8 ኪሎ ያህል ነው። ጨመርኩበት። ጂኑንና ብርዙን ከዋዜማው አዋሃድኩ። ሎሚው ሲያድር መዓዛው ስለሚሞት በዕለቱ ጠዋት ከወንድሜ ጋር ተቀምጠን ጨመቅን። ጣቱ ላይ ጭረት ስለነበረው በየሎሚው ልክ ያማርር ነበር። ውሃው ሲጨመር 13 ሊትር ሆነ፤ ቧንቧ ባለው ባልዲ አደረግነው።

እዚህ ላይ ሒሳብ ሠራተኛነቴ አንድ ጊዜ ረድቶኛል። 5 ሊትር ጂን በ40 በመቶ ሲሰላ 2 ሊትር ንጹሕ አልኮል ነው፤ በ13 ሲካፈል ከ15 በመቶ በላይ። አንዷ ብርጭቆ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ትበልጣለች ማለት ነው፤ ስትጠጣ ግን ሎሚና ማር እንጂ ሌላ አትልም። ስለዚህ አጎቴን ቧንቧው አጠገብ አስቀምጬ «ለሰው አንድ አንድ፣ ለሾፌር ምንም» አልኳቸው። ለማይጠጡት ከዚያው ብርዝ በሎሚና በቀዝቃዛ ውሃ ቀጠን አድርጌ በሌላ ማሰሮ አቀረብኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀድሞ ያለቀው እሱ ነው። የኮክቴሉ ሲሶ ያህል ተረፈ፤ እንግዳው ጠጁን ሲያይ ወደ ብርሌው ዞረ። የማባዛት ሠንጠረዤ ውስጥ የእቴቴ ጠጅ አልነበረም።

እቴቴ ኮክቴሉን ቀምሰው «ጌሾ ጎድሎታል» አሉ።

ጣሳዋን ስመልስላቸው ሳላስችል በውሃ ለካኋት። 850 ሚሊ ሊትር ትይዛለች፤ ሊትርም አይደለች፣ ኪሎም አይደለች። ብነግራቸው ከእጄ ተቀብለው ክዳኗን እየገጠሙ «ታዲያ ምን ላድርገው?» አሉኝ።