ኖርዌይ ውስጥ መንግሥት ሲወድቅ

(በኦስሎ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ ቅዳሜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በጃንዋሪ 2025 መጨረሻ ሴንተርፓርቲ፣ ማለትም የመሀል ፓርቲው፣ ጥምር መንግሥቱን ጥሎ ወጣ። የተጣሉት በአውሮፓ ኅብረት የኃይል ሕጎች ላይ ነበር። በዚያ ቀን ስልኬ አላረፈም። «መንግሥት ፈረሰ አሉ፤ አሁን ምን ይመጣል?» የሚል ጥያቄ ብቻ ነበር። ድንጋጤው ገብቶኛል። ከመጣንበት አገር መንግሥት ሲወድቅ ምን እንደሚከተል አይተናል።

እዚህ ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ዮናስ ጋህር ስተረ በቀናት ውስጥ የወጡትን ሚኒስትሮች በራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ተኩ። ሥራው ቀጠለ። በሴፕቴምበር በተደረገው ምርጫ ደግሞ የሠራተኞች ፓርቲያቸው ከ169 የፓርላማ ወንበር 53ቱን አገኘ። ሲሶ እንኳ አይሞላም። ቢሆንም መንግሥት ሆኖ ቀጠለ።

እንዴት? አንድ አዲስ መንግሥት እዚህ ሥራ ለመጀመር የፓርላማ ድምፅ አያስፈልገውም። ብዙኃኑ እስካልተነሣበት ድረስ ይቆያል። በዚያ ላይ ፓርላማው ከአራት ዓመቱ በፊት አይበተንም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲከፋቸው «እንግዲያው ምርጫ ይጠራ» ማለት አይችሉም። ስለዚህ የተኳረፉትም እዚያው አዳራሽ ቁጭ ብለው መነጋገር ግድ ይሆንባቸዋል።

ነገሩ የሚጀምረው 1884 ላይ ነው። ያን ጊዜ የስዊድንና የኖርዌይ ንጉሥ የነበሩት ዳግማዊ ኦስካር ሚኒስትሮቻቸውን ራሳቸው ይሾሙ ነበር። ፓርላማው ሚኒስትሮቹን ፍርድ ቤት አቆማቸው። ንጉሡ በመጨረሻ እጅ ሰጡ፤ በፓርላማው የብዙኃኑ መሪ የነበሩት ዮሃን ስቨርድሩፕ መንግሥት መሠረቱ። ቬንስትረ እና ሆይረ የሚባሉት ፓርቲዎች የተወለዱትም በዚያው ዓመት ነው። ቬንስትረ ማለት «ግራ»፣ ሆይረ ማለት «ቀኝ» ነው፤ ዛሬ ግን ቬንስትረ አብዛኛውን ጊዜ ከቀኞቹ ጋር ይሰለፋል። ስሙን ብቻ አይታችሁ እንዳትመርጡ።

የሠራተኞች ፓርቲ መጀመሪያ ሥልጣን ሲይዝ፣ በ1928፣ የቆየው 18 ቀን ነው። ንጉሥ ሆኮን ሰባተኛ «እኔ የኮሚኒስቶችም ንጉሥ ነኝ» እንዳሉ እስከ ዛሬ ይነገራል። ባለሀብቱ ግን ደነገጠ፤ ሌሎቹ ፓርቲዎችም ጣሉት። በ1935 ከገበሬዎቹ ፓርቲ ጋር ተስማምቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ፣ መንግሥቱ ለንደን የተሰደደበትን የጦርነት ዘመን ጨምሮ፣ ለ28 ዓመት ሕጋዊው ጠቅላይ ሚኒስትር ሁሌ ከዚህ ፓርቲ ነበር።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚነካኝ የ1963ቱ ታሪክ ነው።

ኖቬምበር 5 ቀን 1962፣ ሩቅ ሰሜን በስቫልባርድ ደሴቶች፣ በኒ-ኦሌሱንድ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ ፍንዳታ ደረሰ። 21 ሠራተኞች ሞቱ። ማዕድኑ የመንግሥት ነበር። እዚያው ማዕድን ውስጥ ቀደም ባሉት ዓመታትም ሰው ሞቷል። ጥያቄው ታዲያ ቀላል ነበር፦ ታውቆ ሳለ ለምን ዝም ተባለ? ለፓርላማውስ ለምን በቅጡ አልተነገረም?

ጠቅላይ ሚኒስትሩ አይናር ጌርሃርድሰን ነበሩ። በጦርነቱ ጊዜ በናዚ ማጎሪያ ታስረው የነበሩ፣ ከጦርነቱ በኋላ አገሪቱን መልሰው ያቋቋሙ፣ ሕዝቡ «የአገር አባት» የሚላቸው ሰው። ፓርላማው 150 ወንበር ነበረው። የሠራተኞች ፓርቲ 74፣ ተቃዋሚዎቹ አራት ፓርቲዎች 74፣ ከሠራተኞች ፓርቲ ተገንጥሎ የወጣው ትንሹ የሶሻሊስት ፓርቲ 2። በኦገስት 1963 እነዚያ ሁለት ሰዎች ከተቃዋሚዎቹ ጋር ድምፅ ሰጡ። 76 ለ74። በሠራተኛ ስም የቆመ መንግሥት በሠራተኞች ሞት ተጠየቀና ወደቀ። ጌርሃርድሰንም ወንበራቸውን አስረክበው ወጡ።

የሆይረው ዮን ሊንግ አራቱን ፓርቲዎች ይዘው መንግሥት መሠረቱ። አራት ሳምንት ብቻ ቆዩ። እነዚያው ሁለት ሰዎች አሁን ወደ ሌላው ጎን ዞሩና ጌርሃርድሰን ተመለሱ። አራት ሳምንት ምን ይፈይዳል ትሉ ይሆናል። ሕዝቡ ግን አንድ ነገር አየ። እርስ በርስ አይስማሙም የተባሉት አራት ፓርቲዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አገር መምራት ቻሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1965፣ ምርጫውን አሸነፉ፤ ፐር ቦርተን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልበል። በ1972 ሕዝቡ ወደ አውሮፓ ማኅበር አንገባም ሲል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ትሪግቨ ብራተሊ አስቀድመው እንዳሉት ሥልጣን ለቀቁ። በ1986 ግሩ ሃርለም ብሩንትላንድ ከ18 የካቢኔ አባላት 8ቱ ሴቶች የሆኑበትን መንግሥት አቋቋሙ። በ1997 ቶርብዮርን ያግላን «36.9 ከመቶ ካላገኘን እንለቃለን» ብለው 35 ሲያገኙ፣ ፓርቲያቸው ከሁሉም ትልቁ ሆኖ ሳለ፣ ለቀቁ። ያን ያህል እንኳ መጠየቅ አልነበረባቸውም የሚሉ አሉ። እኔ ግን ቃላቸውን መጠበቃቸውን አከብራለሁ።

አሁን ወደ እኛ። ለፓርላማ ለመምረጥ ዜግነት ያስፈልጋል። ለከተማ ምክር ቤት ግን ዜግነት ባይኖራችሁም፣ 18 ዓመት ሞልቷችሁ ሦስት ዓመት በተከታታይ እዚህ ተመዝግባችሁ ከኖራችሁ መምረጥ ትችላላችሁ። የሚቀጥለው በ2027 ነው። የልጆቻችሁ መዋዕለ ሕፃናትና የእናቶቻችን የአረጋውያን እንክብካቤ የሚወሰነው እዚያ ነው። የምርጫው ወረቀት በኖርስክ፣ በኖርዌይኛ፣ ስለሆነ የሚከብደው ሰው ካለ፣ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ከኋላ ባለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። ኑ፣ አብረን እናንብበው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።