ባህሩ ሲሸሽ እንሂድ

(በአቡዳቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ወደ ጁበይል የማንግሮቭ ፓርክ ከሚደረገው የጋራ ጉዞ በፊት የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ!

በእረፍት ቀናችሁ፣ እንቅልፉም ስልኩም ይቆየኝ ብላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። «ጫካ ለማየትማ ጅማ መች አነሰን?» ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ልክ ናችሁ። ይሄኛው ጫካ፣ ማንግሮቭ የሚባለው፣ ግን የቆመው ባህር ውስጥ ነው።

ጁበይል ደሴት በያስና በሳዲያት ደሴቶች መካከል ናት። ስንቶቻችን በመኪና አልፈናት ሄደናል! ፓርኩ ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። በዛፎቹ መሀል የእንጨት መተላለፊያ ተሠርቶለታል፤ የምንሄደው በሱ ላይ ብቻ ነው።

ሰዓቱን የመረጥነው ባህሩ የሚሸሽበትን ጠብቀን ነው። ባህሩ ሲሞላ የሚታየው ቅጠልና ውሃ ነው። ያምራል፣ ለፎቶም ይመቻል። ሲሸሽ ግን የጫካው ገበና ይወጣል። በየዛፉ ዙሪያ፣ እንደ ተቀረጸ እርሳስ የሾሉ ሥሮች ከጭቃው ወደ ላይ ቆመው ታያላችሁ። አንድ ዛፍ ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር አለው። ጭቃው ውስጥ አየር ስለሌለ ዛፉ በነዚህ ሥሮች ነው የሚተነፍሰው። «ከመተላለፊያው አትውረዱ» የሚሏችሁም ለዚህ ነው። ብትወርዱ የምትረግጡት መተንፈሻውን ነው።

ቅጠሉንም ጠጋ ብላችሁ እዩት። አትቀንጥሱት፤ በጣታችሁ ዳሰስ አድርጋችሁ ቅመሱ። ጨው ነው! ዛፉ የባህሩን ውሃ ይጠጣና የተረፈውን ጨው በቅጠሉ ያስወጣዋል። እኛ ጨውን «ለራስህ ስትል ጣፍጥ» እንለዋለን፤ ይሄ ዛፍ ደግሞ ጣፈጥክም አልጣፈጥክም ውጣልኝ ይለዋል። ፍሬውም ጉደኛ ነው። ገና እናቱ ላይ እንዳለ ውስጡ ይበቅላል፣ ከዚያ ይወድቅና በውሃ ተንሳፎ የሚተከልበትን ጭቃ ይፈልጋል።

ሸርጣኖቹን ለልጆቹ ትቻለሁ፤ እነሱ ቀድመውን ያገኟቸዋል። ፍላሚንጎም ልናይ እንችላለን። አቢያታን ያየ ሰው አዲስ አይሆንበትም።

የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ መሥራች ሼክ ዛይድ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማንግሮቭ እንዲተከል አድርገዋል። አገሪቱ አሁን እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) ድረስ 100 ሚሊዮን ለመትከል አቅዳለች። ትልቅ ሥራ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ከሚተከለው ይልቅ ሳይቆረጥ የቆየው ይበልጥብኛል። የወደቀው ቅጠልና ሥር አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ቶሎ አይበሰብስም፤ ዛፉ ከአየር የሳበውን ካርቦን ይዞ ለዘመናት ይቀበራል። ጭቃው ከተቆፈረ ያ ሁሉ ተመልሶ አየር ላይ ነው። አዲስ ችግኝ ይህን በአንድ ጀምበር አይተካም።

ምጽዋን የምታውቁ ካላችሁ ዛፉ እንግዳችሁ አይደለም። ያው ዝርያ ቀይ ባህር ዳርም ይበቅላል። ጎርደን ሳቶ የተባሉ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ምጽዋ አጠገብ፣ ህርጊጎ ላይ፣ ማንግሮቭ በማይበቅልበት ዳርቻ አብቅለውታል። ዛፉን የጎደለው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት መሆኑን ደርሰውበት ያንኑ መገቡት። ቅጠሉ ደግሞ ለፍየልና ለበግ መኖ ሆነ። ለመንደሩ ሰው ዛፉ ጌጥ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

እንግዲህ ብዙ አላቆያችሁም፣ ባህሩም አይጠብቀንም። ትኬቱ ተቆርጧል። ኮፍያና ውሃ ያዙ፣ ቆሎውን አውቶቡስ ውስጥ እንጨርሰው፤ ፌስታል ይዞ የሚገባ ሰው እንዳላይ። እናቶች ከፊት ወንበር ይቀመጡ። በሉ፣ እንነሳ!