የቤት ብድር ወለድ ከግብር ይቀነስ? ጥቅሙ ለማን ነው?

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ወጥታችሁ፣ የሜክሲኮንና የስታዲየምን የምሽት መጨናነቅ ታግላችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በአዳራሹ ውስጥ የባንክ ሠራተኞች አላችሁ። የሂሳብ ባለሙያዎች አላችሁ። ለኮንዶሚኒየም ዓመታት የቆጠባችሁም አላችሁ። ጉዳዩ ሁላችሁንም ይነካል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባንክ ተበድሮ ቤት የገዛ ሰው በየወሩ ወለድ ይከፍላል። ግብሩ ሲሰላ ያ ወለድ ከገቢው ላይ ይቀነስለት ወይስ አይቀነስለት? በአሜሪካ ይቀነሳል። በሆላንድ ይቀነሳል። በእንግሊዝ ለረጅም ዘመን ሲቀነስ ኖሮ ቀርቷል። በካናዳ ሰው ለሚኖርበት ቤት አይቀነስም። በእኛም አገር አይቀነስም።

አሁን አሁን ግን "እኛም ጋ ይጀመር" የሚል ሐሳብ ከወጣት ባለሙያዎች ደጋግሜ እሰማለሁ። አልፈርድባቸውም። የቤት ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ወለዱ ያማል። ደመወዙ ደግሞ ግብሩ አስቀድሞ ተቆርጦ ነው እጃቸው የሚገባው። እኔ ግን እንዳይጀመር እከራከራለሁ። ምክንያቴን ለማስረዳት ጀምረው ማቆም ያቃታቸውን፣ ወይም በስንት መከራ ያቆሙትን አገሮች ታሪክ ላጫውታችሁ።

አሜሪካ የገቢ ግብርን እ.ኤ.አ. በ1913 ስትጀምር ማንኛውም ወለድ ከገቢ ላይ እንዲቀነስ ፈቀደች። ሰውን የቤት ባለቤት ለማድረግ ታስቦ አልነበረም። ያኔ የገቢ ግብር የሚከፍለው ጥቂት ሀብታም ብቻ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ግን ግብር ከፋዩም በዛ፣ የቤት ብድሩም በዛ። ለሌላ ነገር የተጻፈው አንቀጽ የብዙ ሚሊዮን ቤተሰብ መብት ሆኖ ቁጭ አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 በፕሬዚዳንት ሬገን ዘመን ትልቅ የግብር ማሻሻያ ሲወጣ የመኪናና የክሬዲት ካርድ ወለድ ቅነሳ እንዲቀር ተወሰነ። የቤቱ ግን ተረፈ። በ2005 ፕሬዚዳንት ቡሽ ያቋቋሙት የባለሙያዎች ቡድን "ለሁሉም እኩል በሆነ 15 በመቶ የግብር ቅናሽ ይተካ" ብሎ ጻፈ። ሰሚ አላገኘም። በ2010 ፕሬዚዳንት ኦባማ ያቋቋሙት ኮሚሽንም ተቀራራቢ ሐሳብ አቀረበ። እሱም መደርደሪያ ላይ ቀረ።

ለምን? የቤት ሻጮችና የቤት ገንቢዎች ማኅበራት እዚያ አገር ጉልበተኞች ናቸው። ቅነሳውን የለመደው ባለቤትም ድምፅ ይሰጣል። የሚጠቅመው ሰው ስንት ብር እንደሚቀርበት እስከ ሳንቲሙ ያውቀዋል። ተከራዩ ግን ከኪሱ ምን እንደሚወጣ አይታየውም፤ ስለዚህ ሰልፍ አይወጣም።

በ2017 የወጣው ሕግ ቅነሳውን አላጠፋውም። ወለዱ የሚቀነስለትን የአዲስ ብድር ጣሪያ ከ1 ሚሊዮን ወደ 750,000 ዶላር አወረደው። በዚያው ሕግ ወጪውን ለማይዘረዝር ግብር ከፋይ ያለ ማስረጃ የሚፈቀደው ቅናሽ በእጥፍ ገደማ አደገ። ከዚያ በፊት ወጪውን እየዘረዘረ የሚያስቀንሰው ከግብር ከፋዩ 30 በመቶ ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ 10 በመቶ ወረደ። ወለዱን ማስቀነስ አሁን የሚያዋጣው በአብዛኛው ትልቅ ብድርና ትልቅ ገቢ ላለው ሆኗል። እንዲያም ሆኖ በ2025 ምክር ቤታቸው ያንን ጣሪያ ዘላቂ አደረገው እንጂ ቅነሳውን አላነሳም።

የእንግሊዝን ታሪክ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው፤ ከሁሉም የበለጠ የሚያስተምረን እሱ ይመስለኛል።

እንግሊዞች በድሮ ጊዜ በራሱ ቤት የሚኖረውን ሰው "ቤቱን ብታከራየው ኖሮ ይህን ያህል ታገኝ ነበር" ብለው በዚያ ግምት ላይ ግብር ያስከፍሉት ነበር። ግብር እስከከፈለ ድረስ ወለዱን እንደ ወጪ መቀነሱ ልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ያ ግብር ተሰረዘ። የወለዱ ቅነሳ ግን አብሮ አልተሰረዘም። ሚዛኑ አንድ እግሩን አጥቶ ቀረ። በ1970ዎቹ የብድሩ ጣሪያ 25,000 ፓውንድ ተደረገ፤ በ1983 ደግሞ 30,000 ሆነ። ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ለዚህ ቅነሳ ጠበቃ ነበሩ። የገንዘብ ሚኒስትራቸው ናይጄል ላውሰን ግን አይወዱትም ነበር።

እስከ 1988 ድረስ ጣሪያው የሚቆጠረው በሰው ነበር። ሁለት ጓደኛሞች ወይም ያልተጋቡ ጥንዶች አንድ ቤት በጋራ ሲገዙ ለእያንዳንዳቸው 30,000 ይታሰብላቸዋል። ላውሰን መጋቢት ላይ ባቀረቡት በጀት "ከእንግዲህ አንድ ቤት፣ አንድ ጣሪያ" አሉ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ስህተቱ ጊዜው ላይ ነው። ሕጉ የሚጸናው ነሐሴ ሲገባ ነበር። በመሐል ብዙ ወራት ክፍት ቀሩ። ሕዝቡ ምን አደረገ? ለመግዛት ተሯሯጠ። አብሮ የሚገዛ ጓደኛ ያለው ሁሉ በሩ ሳይዘጋ ልግባ አለ። ቀድሞም የሞቀው ገበያ ፈላ። ብዙም ሳይቆይ የወለድ መጣኔው ሽቅብ ተተኮሰ፤ በ1989 መጸው ላይ 15 በመቶ ደረሰ። ከዚያ የቤት ዋጋ ወደቀ። ብዙ ሰው ዕዳው ከቤቱ ዋጋ በለጠበት። በ1991 ብቻ ከ75,000 በላይ ቤቶችን አበዳሪዎች ወረሱ። ይህ ሁሉ የመጣው በዚያ አንድ ውሳኔ ነው አልልም። ጥድፊያው ግን እሳቱ ላይ ቤንዚን ጨምሯል።

ከዚያ በኋላ የሠሩት ግን ሊደነቅ ይገባል። ቅነሳውን በአንድ ቀን አልቆረጡትም። በ1991 በከፍተኛ መጣኔ ግብር የሚከፍለውን ሰው ጥቅም ወደ ተራው የግብር መጣኔ፣ ማለትም ወደ ወለዱ 25 በመቶ አወረዱት። በ1994 ወደ 20፣ በ1995 ወደ 15፣ በ1998 ወደ 10 በመቶ ወረደ። በሚያዝያ 2000 ዜሮ ሆነ። የወግ አጥባቂዎቹ ፓርቲ ጀመረው፣ የሌበር ፓርቲ ጨረሰው፤ የመጨረሻውን ፊርማ ያኖሩት የሌበሩ የገንዘብ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን ናቸው። ያኔ ወለድ ራሱ በጣም ወርዶ ስለነበር ጉዳቱ ብዙ ሰው አልተሰማውም። ፖለቲከኞች አይደፈርም ያሉት ሥራ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በእርጋታ አለቀ።

ሆላንዶችም ከዓመታት ክርክር በኋላ የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። እዚያ ሰዎች ዋናውን ብድር ሳይነኩ ወለድ ብቻ እየከፈሉ ይኖሩ ነበር፤ ዕዳው በቆየ ቁጥር ከግብር የሚቀነሰው ይበዛላቸዋልና። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ ቅነሳውን ለማግኘት ዋናውን ብድር በ30 ዓመት ውስጥ ከፍሎ መጨረስ ግዴታ ሆነበት። የጥቅሙም ከፍተኛ መጣኔ ከ52 በመቶ ተነስቶ በየዓመቱ እየተሸረፈ 37 በመቶ አካባቢ ደርሷል።

ቅነሳው ሰውን የቤት ባለቤት ያደርጋል ወይ ለሚለው፣ ካናዳ ቅነሳው ሳይኖራት የቤት ባለቤቶቿ ድርሻ ከአሜሪካ አያንስም፤ በሁለቱም አገር ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ዴንማርክ በ1987 ቅነሳውን ስታጠብ የሆነውን ተመራማሪዎች በዝርዝር አጥንተውታል። የቤት ባለቤት የሆነው ሰው ቁጥር አልተነቃነቀም። የተለወጠው የሚገዙት ቤት ስፋትና የሚበደሩት ገንዘብ ነው። ቅነሳው ቤት የሌለውን ባለቤት አላደረገውም ማለት ነው። ድሮም ሊገዛ የነበረው ሰፋ ያለ ሳሎን አገኘበት።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ሂሳቡን በእኛው ሠንጠረዥ እንሥራው። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ እስከ 2,000 ብር ያለው ወርሃዊ ደመወዝ ነፃ ነው። ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ይቆረጥበታል።

ደመወዟ 12,000 ብር የሆነ አንዲት መምህርት እናስብ። በወር 2,250 ብር ግብር ትከፍላለች። ቤቷ ኪራይ ነው፤ በዚህ ደመወዝ ባንክ የቤት ብድር አይሰጣትም። በሌላ በኩል 80,000 ብር የሚከፈለው ሥራ አስኪያጅ አለ። 3 ሚሊዮን ብር በ16 በመቶ ተበድሮ አፓርታማ ገዝቷል እንበል። የመጀመሪያው ዓመት ወለዱ በወር 40,000 ብር ገደማ ነው። ይህ ከገቢው ላይ ቢቀነስለት በወር 14,000 ብር ግብር ይቀርለታል።

ልብ በሉ፤ የቀረለት ግብር ብቻውን ከመምህርቷ ሙሉ ደመወዝ ይበልጣል። መንግሥት ያንን ገንዘብ ከሌላ ቦታ መሙላት አለበት። የስድስት እንደ እሷ ያሉ መምህራን የወር ግብር ቢሰበሰብ 13,500 ብር ነው። ገና 500 ብር ይጎድላል። ለአንድ ሰው አፓርታማ ስድስት ተከራይ መምህራን ተዋጥተው አልበቁም። ይህን "የቤት ባለቤትነትን ማበረታታት" ብዬ ልጠራው አንደበቴ አይታዘዝልኝም።

ከመካከላችሁ ሕጉን የምታውቁ "አከራዩስ?" ትሉኛላችሁ። ትክክል ናችሁ። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የሂሳብ መዝገብ የሚይዝ አከራይ በሠንጠረዥ "ለ" ስር ወለዱን እንደ ወጪ ያስቀንሳል። ተቀጣሪው ግን በሠንጠረዥ "ሀ" ምንም ወጪ አይቀነስለትም። ለጆሮ ግፍ ይመስላል። አከራዩ ግን የሚሰበስበው ኪራይ ግብር ይከፈልበታል። በራሱ ቤት የሚኖር ሰው ለራሱ በሚቆጥበው ኪራይ ላይ ግብር አይጠየቅም። ገቢው ሳይታክስ ወጪው ብቻ ይቀነስ ማለት እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1963 በኋላ የገቡበት ጉድጓድ ነው። "አከራዩ ብዙ ተጠቀመ" የምትሉ ከሆነ እሱ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2020 ባለው ጊዜ የአከራዩንም ጥቅም ወደ 20 በመቶ አጥብበውታል።

ሌላው ሐሳቤ የዋጋው ነገር ነው። በዚህ ከተማ ቦታ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ነው፤ የሚገኘው በሊዝ ነው፤ የሚለቀቀውም ከፈላጊው ቁጥር ጋር አይመጣጠንም። ቤቱ ሳይጨምር የገዢው የመክፈል አቅም ከጨመረ ዋጋው ይጨምራል። 14,000 ብር የቀረለት ሰው ያንን ይዞ ሪል እስቴት ቢሮ ሲገባ ሻጩ ያውቃል። ደላላውም ያውቃል። እፎይታው ለጥቂት ጊዜ በገዢው እጅ ያልፍና ሻጩ ኪስ ይገባል። ቀጣዩ ገዢ ደግሞ የጨመረውን ዋጋ ይዞ ይጀምራል፤ ቅነሳው ይነሳ ሲባልም ከሁሉም በላይ የሚጮኸው እሱ ይሆናል። እውነቱም አለው፤ ዋጋውን ከፍሎበታልና።

ይህን የምለው ተበዳሪው ስለማያሳዝነኝ አይደለም። ያሳዝነኛል። አሜሪካና ሆላንድ ውስጥ ቅነሳውን አስልቶ ለ30 ዓመት የፈረመ ቤተሰብ ላይ በአንድ ሌሊት ማንሳት ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ። የእኛ ዕድል ገና አለመጀመራችን ነው። ቃል ያልተገባለት ሰው ስለሌለ የሚከዳ ሰውም የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ገንዘቡ የሚወጣ ከሆነ ቤት ወደሚጨምርበት ይሂድ። መንገድ፣ ውኃና መብራት የገባለት ቦታ በብዛት ይቅረብ። ባንኮች ለ20 ዓመት ማበደር የሚያስችል የረጅም ጊዜ ገንዘብ ያግኙ፤ የአጭር ጊዜ ተቀማጭ ይዘህ ረጅም ብድር ስጥ ማለት አይቻልም። ቅድመ ክፍያ ለማጠራቀም የሚታገለውን ቆጣቢ መደገፍ የሚቻልበት መንገድም አለ፤ ድጋፉ ለሁሉም እኩል በብር መጠን ተወስኖ እስከተሰጠ ድረስ አልቃወምም። በመቶኛ ከሆነ ግን ብዙ ያለው ብዙ ይወስዳል።

ምናልባት የእኔ ክርክር ይሸነፍና ቅነሳው ይጀመር ይሆናል። ያኔም ቢሆን በአዋጁ ውስጥ የሚያበቃበት ዓመት ይጻፍ። የብድሩ ጣሪያ ይቀመጥ። በየዓመቱ በጀት ሲጸድቅ ስንት ቢሊዮን ብር እንደቀረና ለየትኛው የደመወዝ እርከን እንደደረሰ ለምክር ቤቱ በግልጽ ይቅረብ። አሜሪካኖች በ1913 የሚያበቃበትን ዓመት ጽፈው ቢሆን ኖሮ ዛሬም ድረስ በዚህ ባልተጨቃጨቁ ነበር።

በ2005 ዓ.ም. ለ20/80ና ለ40/60 የኮንዶሚኒየም ቤቶች ተመዝግበው እስከ ዛሬ የሚጠብቁ ሰዎች በዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። ከሚበሉት ቀንሰው በየወሩ ቆጥበዋል፤ ባንክ ዘንድም ስማቸው ተበዳሪ ሳይሆን ቆጣቢ ነው። የወለድ ቅነሳ ቢታወጅ ለእነሱ አንድ ብር አይደርሳቸውም። ነገ ይህ ጉዳይ ለሕዝብ ውይይት ሲቀርብ ማይክራፎኑ ቀድሞ እነሱ ጋ እንዲደርስ እፈልጋለሁ። ዛሬም ጥያቄና አስተያየት ከእነሱ ይጀመር። አመሰግናለሁ።