በማጓጓዣው ላይ የሚቆለል ቀረጥ፦ የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ የገቢ ንግድ

[ምስል፦ በጅቡቲ ወደብ ከመርከብ የሚወርዱ ኮንቴይነሮች]

ተራኪ፦ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተቀስቅሶ በአሰብ ወደብ መጠቀም ካቆመች ወዲህ፣ አብዛኛው የኢትዮጵያ የገቢ ዕቃ የሚጓጓዘው በጅቡቲ በኩል ነው። ዕቃ በተወደደ ቁጥር የወደቡና የመንገዱ ወጪ በምክንያትነት መጠቀሱ ተገቢ ነው። ያ ወጪ አገር ውስጥ ሲገባ ደግሞ በታክስ ስሌት ምን ያህል እንደሚያድግ ግን እምብዛም አይነገርም።

[በስክሪን ላይ፦ 1,000 → 1,350 → 1,552.50 → 1,707.75]

የጉምሩክ ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው መግዣ ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን ኢንሹራንሱና እስከ መጀመሪያው የኢትዮጵያ መግቢያ ጣቢያ ያለው የማጓጓዣ ወጪ ተደምሮበት ነው። 35 በመቶ ቀረጥ የተጣለበትንና ኤክሳይስ ታክስ የማይመለከተውን አንድ ዕቃ እንውሰድ። የማጓጓዣው ወጪ በ1,000 ብር ቢጨምር፣ ቀረጡ 1,350 ያደርሰዋል፤ በዚህ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በድምሩም ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣል ተጨማሪ ታክስ) ሲታከል 1,708 ብር ገደማ ይሆናል። መንገዱ በረዘመ መጠን ታክሱም ይጨምራል ማለት ነው።

[ምስል፦ የባንክ መስኮት]

ቀረጥ ዋጋ ቢያስወድድም መግዛቱን ወይም መተዉን ለገዢው ይተዋል። የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ ግን ለመክፈል የተዘጋጀው አስመጪም ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጭ ክፍያውን የሚያረጋግጥበት ሰነድ) መክፈት አይችልም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. አውቶሞቢል፣ ውስኪና ሽቶን ጨምሮ ለ38 ዓይነት ዕቃዎች ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ሲታገድ፣ ከፍላጎቱ ከፊሉ ወደ ትይዩ (ጥቁር) የምንዛሪ ገበያና ወደ ኮንትሮባንድ ዞረ እንጂ አልጠፋም። በእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ የጉምሩክ መዝገብ የገቢ ዕቃ መቀነሱን ቢያሳይ፣ ሰዉ ፍላጎቱን ቀነሰ ብሎ መደምደም ስሕተት ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲተው እገዳው ተነሣ። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላርም በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የመርከብ ኪራዩ በዶላር የሚከፈል በመሆኑ፣ የቀረጡ ምጣኔ ሳይነካ በብር የሚከፈለው ቀረጥ አብሮ አሻቀበ። ጫናው በተለይ የከበደው መለዋወጫና ጥሬ ዕቃ ካላስገባ ማሽኑን ማንቀሳቀስ በማይችለው አምራች ላይ ነው።

[ምስል፦ ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚወጣ የጭነት መኪና]

የዓለም ንግድ ድርጅት የጉምሩክ ዋጋ ስምምነት፣ የማጓጓዣ ወጪን ቀረጥ በሚሰላበት ዋጋ ውስጥ ማካተትንም ሆነ አለማካተትን ለየአገሩ ሕግ ትቶታል። ረጃጅም የባሕር ጠረፎች ያሏት አሜሪካ እንኳ ዓለም አቀፉን የማጓጓዣ ወጪ አታካትትም፤ ቢያንስ ከጅቡቲ ወደብ እስከ ድንበር ያለውን የየብስ ጉዞ ከስሌቱ ማውጣት ለኢትዮጵያ ይበልጥ ይገባታል።